ኖልቤርቶን ልጠይቀው

ብላዲሚር ያስናን "አግቢኝ" ብሎ ሲጠይቃት የሰጠችው መልስ "መጀመሪያ ኖልቤርቶን ልጠይቀው" የሚል ነበር። ኖልቤርቶ ባሏ ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ብላዲሚርም "ደግ፣ ጠይቂው" አላት። ይህን የነገረችኝ ፀጉሯን እየቀባሁላት ነው። እዚህ ሰሜን ቺሊ፣ ካላማ ከተማ፣ ፀጉር ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ያልሰማሁት ጉድ የለም፤ ሽማግሌ ወደ ሟች ሲላክ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያስናና ብላዲሚር አበልጆች ናቸው። የያስናንና የኖልቤርቶን ልጅ ክርስትና ያነሳው ብላዲሚር ነው፣ አበልጅ ማግባትን ደግሞ እህትን ከማግባት ለይተው የማያዩ አሮጊቶች በኛ ከተማ ዛሬም ሞልተዋል። የያስና እናት አንዷ ናቸው። ካህኑ "ይሄ ድሮ ቀረ፣ የሚከለክላችሁ የለም" ብለዋት ነበር። እሷ ግን የካህኑን ፈቃድ አልነበረም የፈለገችው።

"አበልጅ ያደረገን ኖልቤርቶ ነው፤ የሚፈታንም እሱ ነው" አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ።

"እምቢ ቢልስ?"

"እምቢ ካለ አላገባም።"

ቀለሙን ጭንቅላቷ ላይ ትቼ ብሩሹን አስቀመጥኩ። ያስናን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አላደርግም ካለች አታደርግም። ብላዲሚርን ስታይ ደግሞ ፊቷ እንዴት እንደሚፈካ አይቻለሁ። በጣም አዘንኩላት፣ ትንሽም ተናደድኩባት።

ኖልቤርቶ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከአንቶፋጋስታ ወደ ታልታል በሚወስደው መንገድ፣ በረሃው ላይ የቆመውን ትልቁን የእጅ ሐውልት ካለፉ በኋላ ያለው ኩርባ ላይ ነው የተገለበጠው። አስከሬኑ ካላማ ተቀብሯል፣ ነፍሱ ግን እዚያው የወደቀበት ቀርታለች። እዚያ የውሻ ቤት የምታክል ቤት ተሠርቶላታል፤ አኒሚታ እንላታለን፣ ትንሿ ነፍስ ማለት ነው። ሾፌር ሁሉ ሲያልፍ ክላክስ አድርጎ ሰላም ይላታል። መቃብር ሄዶ ሰው የሚያማክር የለም፤ ማማከር የፈለገ ወደ አኒሚታው ነው የሚሄደው። የኖልቤርቶን አኒሚታ ከመኪናው ቆርቆሮ በይዶ የሠራት ብላዲሚር ራሱ ነው፣ ሥራው ብየዳ ስለሆነ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነን በክሎዶሚሮ ፒካፕ ተነሳን። ክሎዶሚሮ፣ ክሎዶ ነው የምንለው፣ የኖልቤርቶ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ አፉ አያርፍም። ብላዲሚር ከፊት ከጎኑ ተቀመጠ፣ እኔና ያስና ከኋላ ሻይ የሞላ ቴርሞስ በመሀላችን አድርገን። ያስና ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ስላደረገች ወደ አኒሚታው አልሄደችም ነበር፣ ይሄም ሆዷን ሲበላት ነው የከረመው።

"መንገዱን ታውቀዋለህ?" አልኩት ክሎዶን።

"ኦሪዬታ፣ እኔ ይሄን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው።"

"እባክህ ዛሬ ገልጠህ ንዳ።"

በረሃውን አልወደውም። እዚያው ተወልጄ እዚያው አርጅቼም አልወደውም። ቡናማ ነው፣ ከዚያ ትንሽ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከዚያ ደግሞ ያው ቡናማ። ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ስለሚያጣ ነው መሰለኝ መንገድ ዳር ያገኘውን ሁሉ እንደ ብርቅ ቆሞ የሚያየው።

መጀመሪያ የቆምነው የካፕሪኮርን መስመር፣ የሞቃቱ ምድር ወሰን፣ የሚያልፍበት ሐውልት ጋ ነው። ክሎዶ ማንም ሳይጠይቀው ወርዶ አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንድ እግሩን ወዲያ አደረገ።

"አሁን ግማሼ የሞቃት አገር ሰው ነው" አለ።

"የትኛው ግማሽህ?" አለ ብላዲሚር።

ክሎዶ ዞር ዞር ብሎ አየ። ሰሜኑ ወዴት እንደሆነ መከራከር ጀመሩ፤ ፀሐይዋን አዩ፣ መኪናው የመጣበትን አቅጣጫ አዩ፣ መግባባት አልቻሉም። ያስና ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮቱ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያልሽ ነው?"

"እየተለማመድኩ ነው። በቁጣ ልጀምር ወይስ በልመና?"

"በሕይወት እያለ በምን ነበር እሺ የሚልሽ?"

አሰበችና "በምንም" አለች።

ከአንቶፋጋስታ ወጣ ስንል ጭራው የተሰበረ የጂፕሰም ዳይኖሰር ያቆመች አንዲት ምግብ ሻጭ አለች፣ ዶና ኤዱቪና። የዳይኖሰሩ ሆድ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ኤምፓናዳ የምንለውን የሥጋ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ለምን ዳይኖሰር እንደሆነ ጠይቄያት አውቃለሁ፤ "ሰው ያቆማል" ነው ያለችኝ። እየበላን ክሎዶ ወዴት እንደምንሄድ ነገራት።

"የቱ ኩርባ?" አለች ዶና ኤዱቪና።

"ከእጁ በኋላ ያለው ነዋ፣ እማማ።"

"እሱማ የለም። አቀኑት።"

ያስና የያዘችውን ኤምፓናዳ አስቀመጠች። "ምኑን ነው ያቀኑት?"

"መንገዱን ነዋ ልጄ። አስፍተው ቀጥ አደረጉት። ኩርባ የሚባል ነገር የለም አሁን።"

"አኒሚታዎቹስ?"

"ሰብስበው ወሰዷቸው አሉ።"

"ወዴት?"

"ወደዚያ" አለችና በአገጯ ጠቆመች። አገጯ የጠቆመው ከፊል ወደ ባሕሩ፣ ከፊል ወደ ተራራው ነበር። ክሎዶ "ወደ ታች ነው ወደ ላይ?" ሲላት "አዎ" አለችው።

መኪና ውስጥ ስንገባ ያስና ፊቷ አመድ መስሏል። "ነፍስ ይሰበሰባል እንዴ?" አለች። "ከወደቀበት ተነስቶ ሌላ ቦታ ቢያስቀምጡት እዚያ ይሆናል?" ማንን ትጠይቅ? ካህን የለ፣ አዋቂ የለ፤ አንድ በያጅ፣ አንድ ሾፌር፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ። ክሎዶ ሞተሩን አስነሳ።

እጁ ጋ የቆምነው ሽንት ቤት ስለፈለግሁ ነው፤ እዚያ ግን ሽንት ቤት የለም። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ግዙፍ ሰው እጁን ብቻ ያወጣ ይመስላል፣ ያ የሲሚንቶ እጅ፤ ጣቶቹ ላይ ሰው ስሙን ጽፎ ሞልቶታል። ከሳንቲያጎ የመጡ ባልና ሚስት ፎቶ እንድናነሳቸው ለመኑን፤ አነሳናቸው። ሴትዮዋ በተራዋ ስልኬን ተቀበለችኝና ብላዲሚርን "ባለቤትዎን ጠጋ ይበሏት እንጂ" አለችው። ብላዲሚር ቀላ። ያስና እንደ መጠጋትም እንደ መሸሽም አደረጋት። ያ ፎቶ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ወደ ግራ ሌላዋ ወደ ቀኝ ይመለከታሉ።

"አበልጅ፣ ይቅርታ" አላት ብላዲሚር፣ ሴትዮዋ ስትሄድ።

"ምን አጠፋህ አበልጅ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግራ ያጋባል። ድሮ ዳገት የነበረው ተቆርጧል፣ ጠባቡ ሰፍቷል፣ የኪሎሜትር ቁጥሮቹም ተቀይረዋል። ክሎዶ ስልኩን ለብላዲሚር ሰጠው፤ ካርታው ላይ መኪናችን መንገድ በሌለበት አሸዋ ላይ ትሄዳለች።

"ካርታው ከመንገድ ወጥታችኋል ይላል" አለ ብላዲሚር።

"ከመንገድ የወጣው ራሱ ነው" አለ ክሎዶ።

ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግሞ ሄድን። ሦስታችንም ኩርባው እዚህ ጋ ነበር ብለን ሦስት የተለያየ ቦታ ጠቆምን። ያስና ብቻ አልጠቆመችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ ወደ ውጭ ታያለች። ስንት ጊዜ የመጣችበትን ቦታ ማወቅ አቃታት። እንባ የቀረባት መሰለኝና ሻይ ቀዳሁላት፤ ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም።

በመጨረሻ ክሎዶ ፍሬን ያዘ። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ድንጋይ የተደረደረበት ሜዳ ላይ ትናንሽ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፣ የድንክ ሰፈር ይመስላሉ። ወርደን ስንቀርብ ሁላችንም ክው አልን። ቤቶቹ በሙሉ ቢጫ ናቸው። የመንገድ መስመር የሚሰመርበት ያ ደማቅ ቢጫ። መንገድ ሠሪዎቹ፣ ደግነት ይሁን የተረፈ ቀለም ይሁን እንጃ፣ ሁሉንም ከጣሪያ እስከ መሬት ቀብተዋቸዋል፤ ስሞቹን ጭምር።

ቀድመውን የመጡ ዘመዶች አንዳንዶቹ ላይ ስም መልሰው ጽፈዋል። ብዙዎቹ ግን ዲዳ ሆነው ቆመዋል። ያስና ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች ታጎነብሳለች። ፎቶ ያለበትን ታያለች፤ ፎቶዎቹን ፀሐይ ልቅም አድርጎ በልቷቸዋል፣ ነጭ ወረቀት ናቸው።

"ጣሪያው ብርቱካንማ ነበር" አለች፣ "የእግር ኳስ ቡድናችን ቀለም።"

ክሎዶ አንዱን ጣሪያ በጥፍሩ ፋቀ። ከሥር ብርቱካንማ ወጣ። የሚቀጥለውን ፋቀ፤ ብርቱካንማ። ሦስተኛውም ብርቱካንማ። የካላማ ሾፌር ሁሉ የአንድ ቡድን ደጋፊ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለን።

"መጫወቻ መኪና አስቀምጬለት ነበር" አለች ያስና። ዙሪያችንን አየን። ግማሾቹ በር ላይ መጫወቻ መኪና አለ። ክሎዶ ሳቁ መጣና በሳል ሸፈነው፤ በክርኔ ጎሸምኩት።

ከዚያ ያስና አንዱ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። በሩ ላይ ቀይ መጫወቻ መኪና፣ ጎኑ የላስቲክ ጽጌረዳ አበባ። "ይሄ ነው" አለች። "ይሄ ነው፣ መኪናዋ የሱ ናት።" ተንበረከከች። እኛ ራቅ አልን፣ ያን ያህል ግን አልራቅንም፤ እውነቱን ለመናገር እኔ መስማት ፈልጌ ነበር።

"ኖልቤርቶ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ባለፈው ዓመት ያልመጣሁት ታምሜ ነው፣ እንዳትቀየመኝ። ብላዲሚር ጠይቆኛል። አበልጅህ ነው፣ ታውቀዋለህ፣ ክፉ ሰው አይደለም። እናቴ ኃጢአት ነው ትላለች። ልጃችን ግን አድጎ ከቤት ወጥቷል፤ ብቻዬን መቀመጥ ደክሞኛል። አንተ ካልክ እሺ እለዋለሁ። ቀጥሎ የሚያልፈው መኪና ክላክስ ካደረገ ፈቅደሃል ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ይገባኛል።"

ብላዲሚር ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይጠመዝዘው ነበር። የማዕድን ጭነት የጫነ ከባድ መኪና ከሩቅ መጣ። እየቀረበ ሲሄድ እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። መኪናው ሜዳው አጠገብ ሲደርስ ረጅም ክላክስ አደረገ፣ ደግሞም ደገመው።

ያስና ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ክሎዶ አቀፈኝ፣ መሬቱን በእግሩ መታ፣ "ኖልቤርቶ ድሮም ደግ ነበር" አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ስሜት ሲመጣ የምደብቅ ሰው አይደለሁም። ዞር ስል ብላዲሚር ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሰው የለመነውን አግኝቶ እንዲህ ይጠቁራል? ተጸጸተ ብዬ አሰብኩ። ደሜ ፈላ።

"ምን ሆንክ አንተ?" አልኩት።

ወደ ያስና ሄደና ጎንበስ አለ።

"አበልጅ፣ ይሄ ኖልቤርቶ አይደለም።"

ቀና ብላ አየችው።

"እዚያ ጋ ያለው ነው" አለና ከኋላ ረድፍ ያለች፣ አበባም መጫወቻም የሌላት ቤት አሳያት። "የበሩን ማጠፊያ ገልብጬ ነው የበየድኩት። በዚያን ቀን ከእንባ ብዛት ዓይኔ አያይም ነበር። በሌላ ሰው ቤት ላይ እንደዚያ ያለ ስህተት የለም። ያየሁት አንቺ ወደዚህ ስትመጪ ነው።"

"ታዲያ አሁን ነው የምትናገረው?" አለችው።

"ቀድመሽ ተንበረከክሽ። ከዚያ ጠየቅሽ። ከዚያ መኪናው መጣ።"

ክሎዶ ራሱን ያዘ። "አንተ ሰው፣ ፈቃዱን እጅህ ካስገባህ በኋላ? አፍህን ብትዘጋ ምን ነበረበት? ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ አውቅ ነበር" አለ ብላዲሚር። "በማላውቀው ሰው ፈቃድ ላገባት ነው?"

ያስና ተነሳች። ጉልበቷ ላይ ያለውን አሸዋ ሳታራግፍ ወደ ኋላ ረድፍ ሄደች። በሩን ሳበችው፤ እውነትም ወደ ተሳሳተው ጎን ተከፈተ። ውስጡ የሻማ ጠብታና አንድ ነጭ የሆነ ፎቶ ብቻ ነበር። ተንበርክካ ያንኑ ሁሉ እንደገና ነገረችው፣ አሁን ባጭሩ። ቀጥሎ የሚያልፈው መኪና ብላ ጨረሰች።

መኪና መጣ። ዝም ብሎ አለፈ።

"ይሄ አይቆጠርም፣ የቤት መኪና ነው" አለ ክሎዶ።

አውቶቡስ መጣ፤ ዝም ብሎ አለፈ። ሌላ ከባድ መኪና መጣ፤ ዝም ብሎ አለፈ። ከዚያ ግን፣ ያ መኪና ራቅ ካለ በኋላ፣ ምንም በሌለበት፣ ቀጥ ባለው መንገድ መሀል ክላክስ አደረገ። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣውም ያችኑ ቦታ ሲደርስ ክላክስ አደረገ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ዝም አለ።

"ኩርባው እዚያ ነበር" አለ ክሎዶ በዝግታ። "ልማድ ነው። እጃቸው ነው የሚያስታውሰው።"

አሁን ጭራሽ ግራ ገባን። ነፍሱ እዚህ ከሆነ እምቢ ብሏል። እዚያ ከሆነ ደጋግሞ እሺ ብሏል። የመጀመሪያው መኪና ለማን እንደነፋ ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ለቀዩ መጫወቻ ባለቤት፣ ምናልባት ሾፌሩ አራት ሰው ቆሞ ሲያይ ሰላም ብሎን ይሆናል። ክሎዶ "እዚያ ሄደን እንጠይቀው" አለ። እኔ "እዚህ እንጠብቅ" አልኩ። ተጨቃጨቅን። ሁለት ትላልቅ ሰዎች በበረሃ መሀል የሟች አድራሻ ላይ ስንጣላ ኖልቤርቶ ቢያየን ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

ያስና በመሀላችን ቆማ አንዴ ወደ ትንሿ ቢጫ ቤት፣ አንዴ ወደ መንገዱ ታያለች። "ወዴት ልዙር?" አለች። ለማንም አልነበረም ያለችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም አንጀቴን በላው፤ ይህን ጉዞ ባልመጣነው ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ብላዲሚር ኮፍያውን አደረገ። "እንሂድ" አለ። "ከእንግዲህ ማንም አይጨነቅበት። እምቢ ብሏል ብለን እንውሰደው።" ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

"ብላዲሚር" አለችው ያስና።

ቆመ። አበልጅ ሳትለው በስሙ ስትጠራው ከልጇ ክርስትና ቀን ወዲህ የሰማሁ አይመስለኝም።

"ያንን ክላክስ ይዘህ መሄድ ትችል ነበር" አለች። "ዕድሜዬን በሙሉ አመሰግነው ነበር፣ ያንን የሰው ቤት።"

"እችል ነበር።"

"ኖልቤርቶ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። እወደው ነበር፣ ግን ይዞት ይሄድ ነበር።"

ብላዲሚር መሬት መሬት አየ።

"እስኪ እንደገና ጠይቀኝ" አለችው።

የዚህን ጊዜ ብላዲሚር ያደረገውን እስክሞት አልረሳውም። ምስኪን፣ እሱም እንደኛ ተደናግሮ ኮፍያውን መልሶ አወለቀ፣ ወደ ትንሿ ቢጫ ቤት ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠረገና "አበልጅ ኖልቤርቶ" ብሎ ጀመረ።

ያስና ትከሻውን ይዛ አዞረችው።

"እሱን አይደለም" አለች። "እኔን።"

ጠየቃት። ልክ በዚያች ሰዓት አንድ ከባድ መኪና አጠገባችን አለፈ። ክላክስ ያድርግ አያድርግ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ክሎዶ አድርጓል ብሎ ይምላል፤ እኔ ነፋሱ ነው እላለሁ። በሠርጉም ላይ በዚሁ ተጨቃጭቀናል። ብላዲሚር ደግሞ ቀልቡን ስቶ ነበር፣ ምስክር አይሆንም።

ያስናን ስንጠይቃት "እኔ እንጃ፣ እሱን ነበር የምሰማው" ትላለች።